ከሰማንያ ውል እስከ ይዞታ ደብተር፦ የሴቶች ማኅበር ታሪክ በስሜን ግርጌ

ደባርቅ ላይ ስለ ሴቶች ንቅናቄ የጠየቀ ሰው ስለ ሰልፍ አይነገረውም፤ ስለ ስብሰባ ይነገረዋል። የቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ የእንጨት አግዳሚ፣ መዝገብ፣ ማኅተም፣ የመዋጮ ደረሰኝ፣ ከወረዳ የመጣች አስተባባሪ። የሴቶች መብት ወደ ዳባት፣ ወደ ደባርቅና ወደ ተራራው ግርጌ የደረሰው በዚህ መልክ ነው፦ በደብዳቤ፣ በአዋጅ፣ በቃለ ጉባኤ። ይህን እንደ ነውር የሚያወሩ አሉ። እኔ ከላይ መምጣቱ ብዙም አያስከፋኝም፤ በዚህ አገር መሬትም ትምህርት ቤትም የመጣው ከላይ ነው። የሚያስከፋኝ እያንዳንዱ ላኪ ማኅበሩን የራሱ እጅ አድርጎ ሊያቆየው መሞከሩ ነው። ዘጠና ዓመት ገደማ የሆነውን የሴቶች ማኅበር ታሪክ በስሜን በኩል ካየነው፣ የሚቆጠረው ለውጥ የመጣው በሴቲቱ እጅ የሚጨበጥ ነገር በገባ ጊዜ ብቻ ነው።

ማኅበር ከመምጣቱ በፊት የስሜንና የወገራ ሴት ባዶ እጇን አልነበረችም። ይህ ካልተነገረ ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ ይዛባል። በአማራው የርስት ሥርዓት ሴት ልጅ ከአባቷም ከእናቷም ትወርሳለች፤ ርስት የሚቆጠረው በሁለቱም ወገን ነውና። በሰማንያ የተጋባች ሴት ስትፋታ ያመጣችውን ይዛ፣ አብረው ያፈሩትን ተካፍላ ትወጣለች። ሽማግሌ ካልፈረደላት ዳኛ ፊት ትቆማለች። ታሪክ ጸሐፊው ዶናልድ ክራሚ የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የሰፈሩትን የመሬት ውሎች ሲመረምር፣ በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የበጌምድር ሴቶች መሬት ሲገዙ፣ ሲሸጡ፣ ሲያወርሱና ሲከራከሩ አግኝቷቸዋል። በዚያው ዘመን እንግሊዝ አገር ያገባች ሴት ንብረቷ በባሏ ስም ይውል ነበር።

ታዲያ ችግሩ ምን ነበር? ሞፈሩ ነበር። በስሜን ደጋ ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ትወቃለች፣ እበት ትጠፈጥፋለች፣ ገብሱን ቆልታና ፈጭታ ጠላውን ትጠምቃለች፤ በሬ ጠምዳ አታርስም። ስለዚህ ርስት ያላት ፈት ወይም ባሏ የሞተባት ሴት መሬቷን ለአራሽ በእኩል ትሰጣለች፤ አራሹ በሬና ጉልበት ያመጣል፣ ምርቱን ይካፈላሉ። አራሹ ዘመድ ከሆነ ደግሞ ውሎ አድሮ መሬቱን የራሱ ያደርገዋል። በሰማንያ ጎን የደሞዝ ጋብቻ ነበር፤ እዚያ የገባች ሴት የምታገኘው የተዋዋለችውን ደመወዝ እንጂ ንብረት አይደለም። ልጅነት ላይ መዳርና ጠለፋም ነበሩ። መብቱ በስም ነበረ፤ የሚያስጠብቅላት ወንድም ወይም ባል ከሌለ ግን የሚቆምላት ተቋም አልነበረም።

በየዓመቱ የካቲት 29 በሚከበረው የሴቶች ቀን ንግግር አድራጊው ሁሉ እቴጌ ጣይቱ ብጡልን ያነሣል። በእርግጥ ጣይቱ የዚህ አገር ወገን ናት፤ አጎቷ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ስሜንን ይዘው ትግራይን የገዙ፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ በካሣ የተሸነፉ ናቸው። ካሣም ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ የነገሠው ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሠሯት በደረስጌ ማርያም ነው። ጣይቱ ግን ለሴቶች ማኅበር ታሪክ መነሻ ልትሆን አትችልም። ሥልጣኗ የቤቷ፣ የወገኗና የብልኅነቷ ሥልጣን ነበር፤ እሷ ከቤተ መንግሥት ስትወጣ ለጃናሞራ ገበሬ ሴት የተረፈ ነገር የለም። የመኳንንት ሴቶች ኃያልነት የሴቶች መብት ማስረጃ ተደርጎ ሲቀርብ ሁልጊዜ ጥርጣሬ ያድርብኛል።

በአገር ደረጃ የመጀመሪያው የሴቶች ማኅበር የተቋቋመው የጣልያን ወረራ በደጅ ሳለ ነው። እቴጌ መነን የበላይ ጠባቂ ሆነው፣ ልዕልት ፀሐይ እየሠሩበት፣ የመሳፍንትና የመኳንንት ሚስቶች ለቁስለኛ ፋሻና ልብስ አዘጋጁ። የበጎ አድራጎት ማኅበር ነበርና መብት የሚል ቃል አጀንዳው ውስጥ አልገባም። የውጭው የሴቶች ንቅናቄም ወደ አገራችን የደረሰው በዚሁ ወረራ በኩል ነው፤ ለእንግሊዝ ሴቶች የመምረጥ መብት ታግላ ደጋግማ የታሰረችው ሲልቪያ ፓንክረስት በ1928 ዓ.ም. «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ጋዜጣ አቋቁማ ለኢትዮጵያ ተከራከረች፤ ኋላም አዲስ አበባ መጥታ ኖረች፣ እዚያው ሞታ በቅድስት ሥላሴ ተቀበረች። ሲልቪያ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈችው በአብዛኛው ስለ ነፃነቷ፣ ስለ ሐኪም ቤቷና ስለ ትምህርት ቤቷ ነው። ለእንግሊዝ ሴት የጠየቀችውን ያህል ለኢትዮጵያዊት ከንጉሡ ስትጠይቅ አልተሰማም።

የምርጫ መብት የመጣው በተሻሻለው የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ነው። በዚያ ሕገ መንግሥት በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ ስንዱ ገብሩ ፓርላማ ገቡ፤ ጣልያን አሲናራ ደሴት ወስዶ ካሰራቸው አርበኞች አንዷ፣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተርና የቴአትር ደራሲ ነበሩ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ባልን የቤቱ አለቃ አደረገ፤ የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ 15፣ የወንድ 18 ሆነ። ከዚያ በፊት በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ክሱ ይቀራል። በዘመናዊነት ስም ከአውሮፓ የተቀዳው ሕግ ከሰማንያው ባህል አንድ እርምጃ ወደ ኋላ የሄደበት ቦታ አለ ማለት ነው።

ተማሪው ሲነሣ ሴቶችም ተነሡ። «መሬት ላራሹ» በተባለበት አደባባይ ሴት ተማሪዎች ነበሩ፤ ማርታ መብራህቱ ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. በአውሮፕላን ጠለፋ ሙከራ ሕይወቷ ሲያልፍ የሕክምና ተማሪ ነበረች። ነገር ግን የትግሉ ድርጅቶች ሁሉ የሴቶች ጥያቄ የመደብ ጥያቄ ሲፈታ ይፈታል ብለው ያምኑ ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጾታ ሳይለይ ለሚያርስ ሁሉ መሬት እንደሚሰጥ ደነገገ። ቃሉ መልካም ነው። አዋጁ ሲፈጸም ግን መዝገቡን የያዘው ገበሬ ማኅበሩ ነው፤ ገበሬ ማኅበሩም የመዘገበው የቤቱን አባወራ ነው። ያገባች ሴት በባሏ ስም ታቀፈች። ርስት ሲሻር የእናቷ ርስት አብሮ ተሻረ። ከአባቷ ቤት ስትወጣ ይዛው የምትወጣው፣ ፍቺ ሲመጣም የምትመለስበት መሬት አጣች። የመሬት አዋጁ ለጭሰኛው ያደረገውን ውለታ አልክድም፤ ለጎንደር ሴት ግን ከሰጣት ይልቅ የወሰደባት ይበልጣል የሚል እምነት አለኝ።

ከዚያ አኢሴማ መጣ። የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር በ1972 ዓ.ም. በአዋጅ ተቋቋመ፤ ከቀበሌ እስከ አገር የተሰናሰለ መዋቅር ነበረው። ደባርቅ የስሜን አውራጃ፣ ዳባት የወገራ አውራጃ ዋና ከተማ ነበሩና መዋቅሩ በየከተማው ተዘረጋ፤ ገጠሩ ግን የጦርነት አገር ነበር። የኢዲዩ ጦር፣ የኢሕአፓ ሠራዊት፣ በኋላም ኢሕዴንና ሕወሓት ከደርግ ጋር የተፈራረቁበት ቆላና ደጋ ነው። በቀይ ሽብር ዘመን ሻለቃ መላኩ ተፈራ ጎንደርን ሲያስተዳድሩ ልጆቻቸውን ያጡ እናቶች፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ የዚያው መንግሥት የሴቶች ማኅበር አባል ተብለው ተመዘገቡ። ይህን ሳያስቡ «ሴቶቹ ማኅበሩን አልወደዱትም» ማለት ቀልድ ነው።

የማኅበሩ ሥራ ምን ነበር? መዋጮ መሰብሰብ፣ ሰልፍ ማሳመር፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ ጥልፍና ስፌት፣ ከሁሉም በላይ ለግንባር ስንቅ ማዘጋጀት። በሶው ይፈጫል፣ ዳቦ ቆሎው ይደርቃል፣ በማዳበሪያ ተጠቅጥቆ ይጫናል። የሴት ነፃነት ማኅበር ዋና ሥራው ለወንድ ጦርነት ምግብ መሥራት ሆነ። የሲልቪያ የልጅ ልጅ የሆነችው ሄለን ፓንክረስት በደርግ መጨረሻ ዓመታት መንዝ ውስጥ ከገበሬ ሴቶች ጋር ኖራ ስትጽፍ ያየችውም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ መንግሥት በማኅበር ስም ወደ ሴቶቹ ሲመጣ፣ እነሱ ደግሞ ኑሯቸውን በራሳቸው መላ ይይዛሉ። የአያቷን ወገን ታሪክ ያወቀች ሴት በዚህ መደነቋ አይቀርም።

ሆኖም አኢሴማን ጠቅልሎ መጣል ፍትሕ አይደለም። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ ሴቶችን ፊደል አስቆጥሯል፤ ማኅበሩም ሴቶቹን ወደ ትምህርቱ የሚጠራ አንዱ እጅ ነበር። ባልን ሳታስፈቅድ ከቤት ወጥታ ስብሰባ መቀመጥ፣ ተነሥታ መናገር፣ በራስ ስም መፈረም የተለመደው በዚያ ዘመን ነው። የምትፈርመው የማይረባ ቃለ ጉባኤ ቢሆንም ፊርማው የራሷ ነው። መንግሥትም በ1973 ዓ.ም. መጨረሻ በሴቶች ላይ የሚደረግ አድልዎን የሚያስወግደውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት አጽድቋል፤ ያ ወረቀት ከአሥርና ከሃያ ዓመት በኋላ ጠበቆች ያነሡት መሣሪያ ሆነ። ደርግ ሲወድቅ አኢሴማ አብሮ ወደቀ። አዳራሹ ለሌላ ቢሮ ሆነ፣ ማኅተሙ ተሰበሰበ።

አዲሱ መንግሥት በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ሥር የሴቶች ጉዳይን አቋቋመ፤ መሪዋ ታደለች ኃይለ ሚካኤል በደርግ እስር ቤት 12 ዓመት ገደማ ያሳለፉ የኢሕአፓ ሰው ነበሩ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ተጻፈ፤ ሴቶች ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደርና የማስተላለፍ፣ በተለይም በመሬት ላይ ከወንዶች እኩል የመሆን መብት አገኙ። ግን ይህ ሁሉ ከወንጀል ሕጉና ከፍትሐ ብሔሩ ጋር ተጋጭቶ ተቀመጠ። ሕገ መንግሥቱ እኩል ናችሁ ይላል፤ ፍትሐ ብሔሩ ባል አለቃ ነው ይላል።

ይህን ግጭት ያነሣው በዚህ አገር የሴቶች ማኅበራት ታሪክ ውስጥ የመንግሥት እጅ ያልሆነው ማኅበር ነው። የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በ1988 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የመጀመሪያዋ ዋና ዳይሬክተር መዓዛ አሸናፊ ነበሩ። ማኅበሩ ነፃ የሕግ ምክር ሰጠ፣ በሬዲዮ ተናገረ፣ ፍርድ ቤት ቆመ። የጠለፋትን ሰው የገደለች የአርሲ የ14 ዓመት ልጅ በነፍስ ግድያ ተከስሳ ስትቀርብ የማኅበሩ ጠበቆች ጉዳዩን ይዘው ራስን መከላከል ነው ብለው ተከራከሩ፤ ልጅቷም ነፃ ወጣች። ለጠለፋ የነበረው የአገሩ አመለካከት እንደ ቀድሞው ሊሆን አልቻለም፤ ነገሩ በኋላ «ድፍረት» በተባለው ፊልም በዓለም ታየ። በ1993 ዓ.ም. ሴቶች በአዲስ አበባ ጥቃትን በመቃወም ሰልፍ ወጡ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ግድም ፍትሕ ሚኒስቴር ማኅበሩን አገደ፤ ምክንያቱ ማኅበሩ አንዲት ሴትን ከደረሰባት ጥቃት መንግሥት አልጠበቀም ብሎ በአደባባይ መውቀሱ ነበር። እገዳው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተነሣ። መንግሥት የሴቶችን እኩልነት በፖሊሲ እየጻፈ፣ የሴቶችን ማኅበር በደብዳቤ የሚዘጋው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ የገባው ብዙ ሰው ነው።

የማኅበሩ ትልቁ ሥራ የቤተሰብ ሕጉ ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ በሰኔ 1992 ዓ.ም. ጸደቀ፤ የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18፣ የባል አለቅነት ቀረ፣ የጋራ ንብረት አስተዳደር የሁለቱ ሆነ። ይህ የፌዴራል ሕግ ግን የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ብቻ ነው፤ ለክልል ክልሉ ራሱ ማውጣት አለበት። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79፣ የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ ለደባርቅ ሙሽራ የጋብቻ ዕድሜዋ 15 እንደሆነ ቀርቷል። አዲሱ የወንጀል ሕግ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል ጠላፊ ቢያገባም ከክስ አያመልጥም ተባለ፤ ዕድሜዋ ያልደረሰ ልጅ የሚያገባም እስከ 3 ዓመት፣ ልጅቷ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት እንዲታሰር ተደነገገ።

አዋጁ ደጋ ላይ እንዴት ኖረ? በ2003 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአማራ ክልል ከ25 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች ግማሾቹ 15 ዓመት ሳይሞላቸው ያገቡ ነበሩ፤ የጋብቻ ዕድሜው ከአገሪቱ ዝቅተኛው ነው። ይህ ቁጥር ቀድሞ ያገቡትን እናቶች ይጨምራልና አዋጁ አልሠራም ለማለት አይበቃም። ግን ሕጉና ሠርጉ የተገናኙበትን መንገድ ያሳያል። ወረዳው ሲቆጣጠር ሠርግ በጥምቀት ሰሞን መሆኑ ይቀርና በሌላ ድግስ ስም ይደገሳል፤ ዕድሜ ሲጠየቅ የልደት ምዝገባ የለምና ሁለት ዓመት ይጨመራል። ልጆቹን ያዳነው ከሁሉ ይልቅ ትምህርት ቤት ነው፦ መምህሯ አውቃ የጠቆመችላት፣ ራሷ ሄዳ ለርእሰ መምህሩ የተናገረች ልጅ።

አሁን ወደ ደብተሩ ልምጣ፤ የዚህ ታሪክ ጉልበት ያለው እዚህ ነው። የአማራ ክልል በ1992 ዓ.ም. የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 46ን አወጣ፤ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ይሰጥ ጀመር፤ አዋጁ በ1998 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 133 ተተካ። ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስም ይጻፋል፣ የሁለቱም ፎቶግራፍ ይለጠፋል። እያንዳንዱ ማሳ ከእነ አዋሳኙ ይዘረዘራል፦ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ መንገድ፣ በሰሜን ወንዝ። ፈት ወይም ባሏ የሞተባት ሴት በራሷ ስም ብቻዋን ትመዘገባለች። ከ1967ቱ አዋጅ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ይህ ነው፤ ያኔ ገበሬ ማኅበሩ ቤቱን መዘገበ፣ አሁን ሴቲቱ ተመዘገበች።

የዚህን ክብደት ለማወቅ ሰው ሲፋታ ማየት ይበቃል። ቀድሞ መሬቱ በባል ስም ስለነበር ባሏ «ውጪ» ያላት ሴት የምትወጣው በላይዋ ባለው ልብስ ነበር። ዛሬ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ደብተሩን አምጡ ይላሉ። ደብተሩ ከቀረበ ክርክሩ ማሳው እንዴት ይከፈል ነው እንጂ ይገባታል ወይስ አይገባትም አይሆንም። ባል የጋራውን መሬት ለብቻው ሊያከራይ ሲል አከራዩዋ እሷም ነች። ይህን ያመጣው የደባርቅ ወይም የዳባት የሴቶች ማኅበር አይደለም። ያመጣው ጠበቆቹ የተከራከሩለት ሕገ መንግሥታዊ አንቀጽና፣ የመሬት ይዞታን ግልጽ ማድረግ የፈለገ ክልላዊ መንግሥት ነው። መንግሥት በራሱ ምክንያት የሠራው ነገር ሴቶች ለዘመናት የሚሹትን ሆኖ ተገኘ፤ በታሪክ እንዲህ ያለ አጋጣሚ ይፈጠራል፤ አመስግኖ መቀበል ነው።

ደብተሩ ግን ሞፈሩን አልፈታውም። በስሟ ደብተር ያላት ሴት አሁንም በሬ የላትም፣ ቢኖራትም የሚጠምድ ወንድ ትፈልጋለች፤ አሁንም በእኩል ትሰጣለች። አራሹ ቀድሞ የራሱን ዘርቶ የእሷን ያዘገየዋል፤ ማዳበሪያ ከማን ኪስ ይውጣ በሚለው ይከራከራሉ። ቤት የሚመሩ ሴቶች ለምን ድሃ እንደሆኑ ሲጠየቅ አብዛኛው ጥናት ጉልበት ማጣት ይላል፤ በደጋው ቋንቋ በሬና ጎልማሳ ማጣት ነው። የሴቶች ማኅበር ስብሰባ በደርግም በኋላም ስለ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት ሲያወራ ኖሯል፤ ሴት አርሳ አታውቅም የሚለውን ልማድ ግን ማንም በዚያ ዝርዝር ውስጥ ሲያስገባው አልሰማሁም።

ሌላው በእጅ የሚጨበጥ ነገር ደመወዝ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ለየገጠር ቀበሌው ሁለት ሴቶችን መደበ፤ አሥረኛ ክፍል ጨርሰው አንድ ዓመት የሠለጠኑ፣ በወር ደመወዝ የሚያገኙ የገበሬ ልጆች ናቸው። በአገሪቱ ከሠላሳ ሺህ በላይ ሆነዋል። ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ ክትባትና ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ ነው። እኔ የማየው ሌላ ነው፤ በቀበሌው ውስጥ ገንዘብ ያላት፣ ያላገባች፣ ደብተር ይዛ የምትዞር፣ የወንዶች ስብሰባ ላይ ሪፖርት የምታቀርብ ሴት በዚያ ደጋ ላይ የታየችው ያኔ ነው። ሴት ልጅ ያላቸው አባቶችም አዩዋት። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋምም (ዛሬ ፀደይ ባንክ) ለሴቶች በቡድን ዋስትና ብድር ሰጥቷል፤ የተበደረችው ሴት ሆና በብድሩ የተገዛውን ዶሮ የሸጠው ባል የሆነበት ቤት ግን ጥቂት አይደለም።

ማኅበሩስ? ማኅበሩ በዝቶ ጠፋ። በየቀበሌው የሴቶች ማኅበር፣ የሴቶች ፌዴሬሽን፣ የሴቶች ሊግ፣ ከዚያ የልማት ቡድንና የአንድ ለአምስት አደረጃጀት መጡ፤ ብዙ ጊዜ ሁሉንም የምትመራው ያችው አንዲት ብርቱ ሴት ነች፤ ስብሰባው በአራት ስም ይጠራል፣ ሥራዋ በቤት ይጠብቃታል። ከላይ ያለው መሥሪያ ቤት ደግሞ በየጊዜው ስም ይለውጣል። የሴቶች ጉዳይ ነበር፣ ሚኒስቴር ሆነ፣ ሕፃናት ተጨመሩበት፣ ወጣቶች ተጨመሩ፣ ወጡ፣ ተመለሱ፤ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ነው። የወረዳው ጽሕፈት ቤት ሰሌዳውን ለማሠራት ባወጣው ቀለም ብቻ አንድ ክፍል ይሠራ ነበር። ሴት ለብቻዋ አንድ መሥሪያ ቤት እንደማትሞላ ሁልጊዜ የሚያስብ ሰው ከላይ አለ።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከመቶ 10 በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። የሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የባንክ ሒሳብ ታገደ፣ አብዛኛው ሠራተኛ ተሰናበተ። የማኅበሩ ቅርብ ቅርንጫፍ ባሕር ዳር ነው፤ ከደባርቅ 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ያም ቢሆን ከምንም ይሻላል። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ሲተካ አሥር ዓመት አልፏል፤ በእነዚያ ዓመታት ስንት ጠበቃ ሥራ እንደቀየረ ማን ይቆጥራል።

በዚያው ሰሞን ከላይ ያለው ሥዕል አማረ። በ1987ቱ ምርጫ ከ547 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች ሴቶች የያዙት 15 ነበር፤ በ2007ቱ 212 ሆነ። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ከ20 ሚኒስትሮች 10ሩ ሴቶች ሆኑ፣ ሳህለ ወርቅ ዘውዴ ፕሬዚዳንት፣ መዓዛ አሸናፊ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። በአንድ ወቅት በሚኒስቴር ደብዳቤ የታገደው ማኅበር መሪ የአገሪቱን ፍርድ ቤቶች መምራቷ ትንሽ ነገር አይደለም። በአዲስ አበባም ራሳቸውን ፌሚኒስት ብለው የሚጠሩ ወጣቶች ተነሡ፤ ዶክተር ስሂን ተፈራ ከመሥራቾቹ አንዷ የሆነችበት «ሴታዊት» አንዱ ነው። ወደ ስሜን ስንመለስ ግን የወረዳ ፍርድ ቤት ዳኛ፣ የቀበሌ ሊቀ መንበርና የመሬት ኮሚቴ ሰብሳቢ በአብዛኛው ወንድ ነው። ለደብተሩ የሚፈርመው እሱ ነው።

ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ላይ የሰሜኑ ጦርነት ከአዳርቃይ ወጥቶ በሊማሊሞ በኩል ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት ቀረበ። በዳባት ወረዳ ጭና ላይ ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ፤ ከአዳርቃይና ከጠለምት የተፈናቀሉ ቤተሰቦች በደባርቅና በዳባት ትምህርት ቤቶች ሰፈሩ። በዚያን ጊዜ ለተፈናቃዩ እንጀራ የጋገሩት፣ የወለደችውን ያነሡት፣ ሬሳ የገነዙት የዕድርና የማርያም ማኅበር ሴቶች ናቸው። እነዚህ ማኅበራት ማኅተም የላቸውም፣ ከማንም መመሪያ አይጠብቁም፣ ሊቀ መንበሯን ራሳቸው ያስቀምጣሉ፣ ካልሠራች ያወርዷታል። ከ1972 ጀምሮ የመጡት ባለማኅተም ማኅበራት ሁሉ እነዚህን አልፈው ሄዱ፤ ኋላ ቀር ናቸው ብለው ነው። ትልቁ ስሕተታቸው ይህ ይመስለኛል። የሴቶቹ ሕግ ባለሙያዎች የሕግ ዕውቀት ከማርያም ማኅበር መተማመን ጋር ቢገናኝ ኖሮ፣ ደብተር ያላትን ሴት ከጉልበተኛ አራሽ የሚያስጥል ነገር ይገኝ ነበር። ይህ አሁንም ያልተሞከረ ነው።

አንድ ነገር ግን መቸኮልን ይጠይቃል። በ1970ዎቹ በስሜንና በወገራ አውራጃ የአኢሴማ ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ የነበሩ እናቶች በሕይወት ካሉ ዛሬ ሰባና ሰማንያ ዓመታቸው ነው። የማኅበራቸው መዝገብ በ1983 ዓ.ም. ግርግር ጠፍቷል ወይም በአንድ የቀበሌ መጋዘን ጥግ ምስጥ እየበላው ነው። ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ በ2010 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል ከጀመረ ወዲህ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የሚፈልጉ ተማሪዎች በከተማው ሞልተዋል፤ መቅረጫ ይዘው እነዚህን እናቶች ቢያነጋግሩ የዚህ ታሪክ ግማሹ ይገኛል። የእርስዎም እናት ወይም አክስት በዚያ ዘመን መዋጮ የከፈለች፣ ስንቅ የቋጠረች፣ ቃለ ጉባኤ የፈረመች ከሆነች፣ እባክዎ ዛሬ ይጠይቋትና የነገረችዎትን ይጻፉ።